ላብ ሲዋሽ፦ ስለ ሳውና፣ ስለ ስኳርና ስለ ልብ

(በፍልውሃ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለስኳር ታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ ጥግ ሦስት ባዶ ወንበሮች ይታዩኛል። ሐኪም በሚናገርበት አዳራሽ የፊት ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። አይዟችሁ፣ መርፌ ይዤ አልመጣሁም።

የዛሬውን ርእስ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጡ የስኳር ታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ምርመራው አልቆ፣ ማዘዣው ተጽፎ፣ ሰውየው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዋናው ጥያቄ ምንጊዜም በር ላይ ነው የሚጠየቀው። «ዶክተር፣ ልጄ ኢንፍራሬድ ሳውና ለስኳርም ለልብም ፍቱን ነው ትለኛለች፤ ብገባ ምን ይመስልዎታል?» በር ላይ ለተጠየቀ ጥያቄ የበር ላይ መልስ ይበቃል፤ «አይግቡ» ማለት። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ስል ኖርኩ። በኋላ ግን ራሴን ታዘብኩ። የምከለክለው አውቄ ሳይሆን ወረፋው ስለ ረዘመብኝ ነበር። ስለዚህ ተቀምጬ አነበብኩ፤ ያነበብኩትን ነው ይዤ የመጣሁት።

ስለ ሙቀትና ስለ ጤና ለመነጋገር ደግሞ ከዚህ ሰፈር የተሻለ ቦታ አይገኝም። ይህች ከተማ የፍል ውሃ ልጅ ናት። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ወደዚህ ሜዳ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ እቴጌ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። ከዚያ በፊት የነበረው ፊንፊኔ የሚለው ስምም ከዚሁ ከምንጩ የመጣ ነው። በሰሜኑ አገራችን ደግሞ ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው፣ የወይባ እንጨት አጭሰው፣ ጋቢ ተከናንበው ሲታጠኑ ኖረዋል። ሶደሬና ወንዶ ገነት ለቁርጥማት የሚወርደውን ሰው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሙቀት ገላን ያፍታታል የሚል ሰው እዚህ አገር አዲስ ነገር አልተናገረም። አዲሱ ነገር ስሙና ሳጥኑ ነው።

ኢንፍራሬድ የሚለው ቃል አንዱን ያስፈራል፣ ሌላውን ያስጎመጃል። በአማርኛ ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሸል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቆ አገኘው። ያ የማይታይ ሙቀት ኢንፍራሬድ ነው። ከሰል ማንደጃ ፊት ተቀምጦ ሦስተኛውን ቡና የጠበቀ ሰው ሁሉ ኢንፍራሬድ ሞቋል። ለብዙ ዓመታት ምድጃ ፊት የተቀመጡ እናቶች ቅልጥም ላይ የሚታየው መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክትም የዚሁ ጨረር ሥራ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፊንላንዶች ሳውና አየሩን ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል፤ እናንተን የሚያሞቃችሁ አየሩ ነው። የኢንፍራሬዱ ክፍል አየር ግን ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ገላን በቀጥታ ያሞቃሉ። ስለዚህ ትንፋሽ አያፍንም፣ ለመቆየትም ይቀላል። «ጨረሩ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ውስጥ ያለውን ስኳር ያቃጥላል» የሚለውን ማስታወቂያ ግን እርሱት። እነዚህ ክፍሎች በብዛት የሚጠቀሙበት ረጅም ሞገድ ያለው ጨረር አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይዘልቅ ቆዳ ላይ ይቀራል። ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱን የሚያዳርሰውም ደም ነው። ጉዳዩ የልብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ገላ ሲሞቅ ቆዳ ሥር ያሉት ደም ሥሮች ይከፈታሉ። ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፣ ልብም ያንን ለማዳረስ ይሮጣል፤ ተቀምጠን ሳለ በደቂቃ 100 ጊዜ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ 150 ጊዜ ድረስ ሊመታ ይችላል። ፈጠን ብሎ የመራመድ ያህል ነው። ደሙ በፍጥነት ሲፈስ የደም ሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ያሸዋል፤ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ ይህም ደም ሥሩን ያላላዋል። የስኳር ሕመም በመጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንኑ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ስኳርን «የሽንት በሽታ» የምንልበት ዘመን አልፏል፤ ስኳር የደም ሥር በሽታ ነው፣ የስኳር ታማሚም ከሌላው ሰው ይልቅ ለልብ ሕመም ቢያንስ በእጥፍ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ሙቀት የተጎዳውን ሽፋን ሊያነቃቃ ይችላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም። እኔም ጥናቶቹን ያነበብኩት ለመቃወም ፈልጌ አይደለም።

ማስረጃው ግን ምን ያህል ነው? በጣም የሚጠቀሰው የፊንላንዱ ነው። በምሥራቅ ፊንላንድ፣ ኩኦፒዮ በሚባል ከተማና አካባቢው 2,315 ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 ዓመት፣ 20 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሳውና ከሚገቡት መካከል 10.1 በመቶው በድንገተኛ የልብ ሞት አለፉ፤ በሳምንት ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ ከሚገቡት ግን 5 በመቶው። ግማሽ ማለት ነው። ማስታወቂያዎቹ እዚህ ያቆማሉ። እኛ እንቀጥል። በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚገቡት ስንት ነበሩ? 201 ሰዎች ብቻ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ሳውና የሚገባ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ጤናው የሚፈቅድለት፣ ጊዜውም ኑሮውም የሞላለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል፣ ስሌት ግን ሁሉን አያይም። ከሁሉም በላይ፣ ሳውናው ኢንፍራሬድ አልነበረም፤ የፊንላንድ ሳውና ነበር። ሴቶች አልነበሩበትም። የስኳር ታማሚዎችን ብቻ ለይቶም አልተጠናም። በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለካዛንቺሷ እማማ ኢንፍራሬድ ሳውና ማዘዝ፣ የጎረቤትን መነጽር አድርጎ ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነው።

ወደ ኢንፍራሬዱ የሚቀርበው የጃፓኑ ነው፤ እኔም ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። በካጎሺማ ቹዋ ቴይ የተባሉ የልብ ሐኪም ለልብ ድካም ሕሙማን ዋኦን ያሉትን ሕክምና ጀመሩ። ቃሉ የሚያረጋጋ ሙቀት እንደ ማለት ነው። አሠራሩን ልብ ብላችሁ ስሙት። በሽተኛው ይመዘናል። 60 ዲግሪ በሆነ የኢንፍራሬድ ክፍል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀመጣል። ይወጣና ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 30 ደቂቃ ይጋደማል። እንደገና ይመዘናል፤ በላብ የወጣው ያህል ውሃ ይጠጣል። የውስጥ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ይህን ሁሉ ጠባቂ ነርስ ያያል። ትንንሽ ጥናቶች ጥሩ ውጤት አሳዩ፤ ልብ ትንሽ በረታች፣ ሰዎቹ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ ቻሉ። ከዚያ በበርካታ ሆስፒታሎች 149 ሕሙማንን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት መጣ። ዋናው መለኪያ ልብ ስትጨነቅ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር ነበር፤ ሙቀት ካገኙትና ካላገኙት መካከል በዚህ መለኪያ ቁርጥ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ሰዎቹ የተሻላቸው መሆኑ፣ የሚሄዱት ርቀት መጨመሩ ግን ታይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው ሕክምናው ክፍሉ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሚዛኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ውሃውና ጠባቂው ሁሉ ሕክምናው ናቸው። ከተማችን ውስጥ የሚሸጠው ክፍሉ ብቻ ነው።

ለስኳር ሕሙማን ብቻ የተደረጉትን በሁለት አረፍተ ነገር እጨርሳለሁ፤ ብዙ ስለሌሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስምንት የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማንን በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለሦስት ሳምንት በሙቅ ውሃ ገንዳ አስቀመጠ፤ የጾም ስኳራቸው በአማካይ ከ182 ወደ 159 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ትንሽ ጥናት ደግሞ ለሦስት ወር ኢንፍራሬድ የገቡ ሕሙማን ድካማቸውና ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ ተናገረ። ስምንት ሰው ማለት የአንድ ታክሲ ተሳፋሪ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ፈራሁት ክፍል እንግባ።

ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው ሦስት ጠባቂዎች አሉት። ሲቃጠል ያመዋል። ሲሞቅ ያልበዋል። ሲቆም ደም ሥሮቹ ይኮማተራሉና ደሙ ወደ እግሩ አይወርድበትም። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ነርቭን ይበላል፤ ሦስቱም ጠባቂዎች የነርቭ ልጆች ናቸው። አንድ በአንድ ያንቀላፋሉ።

አክስቴ ስኳር ከያዛት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣ ማንደጃውን ወደ እግሯ አስጠግታ ቡና ስታፈላ ፕላስቲክ ሸተታት። ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሏት ልጅቷን ተቆጣች። የሚቀልጠው የራሷ ነጠላ ጫማ ነበር፤ እግሯ ላይ ሳለ። አፍንጫዋ ከእግሯ ቀድሞ አወቀ። ቁስሉ እስከ ጥር አልደረቀም። እግሩ በነርቭ ጉዳት የደነዘዘ ሰው ኢንፍራሬድ ክፍል ውስጥ የእሳት ማንቂያ ደወሉ ባትሪ እንዳለቀበት ሰው ነው የሚቀመጠው፤ ሰሌዳው ሥር ያስቀመጠው ተረከዝ እየተጠበሰ ጋዜጣ ያነባል። ደግሞ አስቡት። ሙቀቱ ይጠቅመዋል የሚባለው መራመድ ያልቻለው ሰው ነው፤ መራመድ ያልቻለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እግሩ የደነዘዘው ነው። በጣም የሚያስፈልገውና በጣም የሚጎዳው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

ላብ ደግሞ ይዋሻል። ስኳር ሲወርድባችሁ ምን ትሆናላችሁ? ያልባችኋል፣ ልባችሁ ይመታል፣ ትደክማላችሁ፣ ትደናገራላችሁ። ሳውና ውስጥስ? ያልባችኋል፣ ልባችሁ ይመታል፣ ትደክማላችሁ። ስኳራችሁ እየወረደ ሳለ «ሳውናው ሠራ» ብላችሁ ልትደሰቱ ትችላላችሁ። ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ይህን ልብ በሉ። በተለይ ኢንሱሊን። ቆዳ ሲሞቅ ደም ስለሚጎርፍ ከቆዳ ሥር የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ይመጠጣል፤ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ሳውና ይህን ፍጥነት ከእጥፍ በላይ እንደሚያደርገው አሳይተዋል። ጠዋት ተወግቶ፣ ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሳውና የሚገባ ሰው ሦስት ጊዜ ስኳሩን አውርዷል። በረመዳንም ያው ነው። ልብም ዝም ልትል ትችላለች፤ የደነዘዘ ነርቭ የደረት ሕመምን አያስተላልፍም፣ የስኳር ታማሚ የልቡ ደም ሥር ሲዘጋ «ትንሽ ደከመኝ፣ አላበኝ» ብቻ ሊል ይችላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይደክማል፣ ሁሉም ያልበዋል።

እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ሳልሞክር አልናገርም ብዬ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ፎጣ ይዘዋል?» የሚል። የደም ግፊት ክኒን ጠዋት ወስጃለሁ፣ ምሳ ዘልያለሁ፣ ሐኪም ነኝ። 25 ደቂቃ ተቀመጥኩ፤ እጅግ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ስነሣ ግን ግድግዳው ወደ እኔ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝና አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስኳር የለብኝም፤ ስኳር ቢኖርብኝ፣ ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒንም ብጨምርበት፣ ወለሉ ላይ ነበር የምገኘው።

እና ልግባ ወይስ አልግባ? እግሩ ላይ ቁስል ያለበት፣ እግሩ የደነዘዘ፣ በቅርብ ወራት የልብ ሕመም የደረሰበት፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚጨመድደው፣ ሲነሣ የሚያዞረው ሰው አይግባ። እዚህ ላይ አላመነታም። ስኳሩ በደንብ የተያዘ፣ እግሩ የሚሰማው፣ ሐኪሙ ያየው ሰው ከፈለገ ይሞክር፤ ስኳር ያድናል ብሎ ግን አይደለም። ከመግባቱ በፊት ይለካ። ከ100 በታች ከሆነ ዳቦ ወይም ሙዝ በልቶ ይጠብቅ፤ ከ250 በላይ ከሆነ ይተወው፣ ስኳሩ ከፍ ሲል በሽንት የሚወጣው ውሃ ላይ ላብ ሲጨመር ሰውነት ይደርቃል። ኢንሱሊን በተወጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አይግባ፤ ብልቃጡም ከውጭ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላም እንደ ጃፓኖቹ 15። ነጠላ ጫማ አይውለቅ። ሲወጣ ቀስ ብሎ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደገና ተለክቶ። ብቻውን አይሁን፤ አብሮት የሚገባው ሰውም ስኳር እንዳለበት ይወቅ። ጠጅ ወይም ቢራ ከቀመሰ በዚያ ቀን አይታሰብም።

ገንዘቡን ቆጥቦ መራመድ የፈለገ ደግሞ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያለው የእግረኛ መንገድ ይጠብቀዋል። ይህን ስል ጥቂቶቻችሁ ፊታችሁን እንዳዞራችሁ አየሁ፤ «ተራመዱ» የሚለው ምክር ሳይሰለቻችሁ አይቀርም። መራመድን የሚደግፈው ማስረጃ ግን ስምንት ሰው አይደለም።

ጥያቄዎችን ልቀበል።

አንዲት ወጣት ሳውና ክብደት ይቀንሳል ወይ ብላ ጠየቀች። ይቀንሳል፤ ግማሽ ኪሎ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ውሃ ነው። ማታ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጪ ተመልሶ ይመጣል። «መርዝ ያወጣል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ መርዝ የሚያወጡት ኩላሊትና ጉበት ናቸው፣ ስኳር ታማሚ ደግሞ ኩላሊቱን በውሃ ጥም ባይፈትን ይሻላል።

አንድ ጎልማሳ ስኳር ሳውና ውስጥ ቢወርድ ምን ይደረግ አለ። ወጥቶ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም በአፉ አይሰጥም፤ ሆስፒታል ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ረድፍ ነበር። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ሳውናውን ተወው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ መግባት ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ነው። ልተው ነው የምትለኝ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ለሳቸው መልስ የሚሰጠው እግራቸው ነው አልኳቸው፤ ስንጨርስ ጫማቸውን እንዲያወልቁልኝ ለመንኳቸው።

ሰው ሲበተን ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ካልሲውን ያወለቁላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከኪሴ ቀጭኗን የናይሎን ክር አውጥቼ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገርኳቸውና እግራቸውን አሥር ቦታ ነካሁ። በቀኝ እግራቸው አሥሩንም አወቁ። በግራው ትልቁ ጣት ሥር ሁለት ቦታ ስነካ ዝም አሉ።

«አሁን ነካኸኝ?» አሉ፤ ገና ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ።

«አዎን አባቴ፣ ሁለት ጊዜ።»

ጥቂት ዝም አሉ። እግርዎን አስቀድመው አይግቡ፣ ውሃውን መጀመሪያ በክርንዎ ይፈትኑት፣ ክርንዎ ገና ያውቃል አልኳቸው። ባለቤታቸው ካልሲውን መልሰው እያለበሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ስምንት ልጅ አሳድጌ የገላ ውሃ የፈተንኩት በክርኔ ነው፤ እርሳቸውንም በዚሁ እጨምራለሁ» አሉ።